ዝናቡ እስኪያባራ፦ በክረምት የወደዳችሁትን መጽሐፍና ሙዚቃ ለሰው እንዴት ታካፍላላችሁ?

ጅማ ላይ ክረምት ረጅም ነው። ዝናቡ ገና በሚያዝያ ይጀምርና ጥቅምት እስኪገባ አይለቀንም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የትም መሄድ የለም። ተማሪው ቤት ነው። ገበሬው ቡናው እስኪቀላ ይጠብቃል። ነጋዴው በረንዳ ላይ ቆሞ ሰማይ ያያል። የወደዱትን መጽሐፍና ሙዚቃ ለሰው ለማካፈል ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ጅማ ሂርማታ ሰፈር ነው፤ የምሠራውም እዚያው የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ነው። ክረምት የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ሰው ይበዛብኛል። ሊለካ የመጣ ሁሉ ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ይላል። መጽሐፍ የማቀብለው፣ ዘፈን የማሰማው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ዘዴው ለሌላውም ስለሚሠራ ልጻፈው አልኩ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የወደዳችሁትን ነገር አታወድሱት፤ አስቀምሱት። «በጣም አሪፍ መጽሐፍ ነው፣ የግድ ማንበብ አለብህ» የተባለ ሰው ተቀብሎ ትራሱ ሥር ያስቀምጠዋል። አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ ያነበባችሁለት ሰው ግን ሁለተኛውን ገጽ ራሱ ይጠይቃል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ከመጽሐፉ በፊት ሰውየው

መጽሐፍ ከማንሳቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። መቼ ነው ጊዜ የምታገኘው? በቅርቡ የወደድከው ታሪክ ምን ነበር? ፊልምም ይሁን፣ የሬዲዮ ድራማም ይሁን፣ አያቱ የነገሩት ተረትም ይቆጠራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ጥያቄ ነው፦ ዓይንህ እንዴት ነው? የድሮ የአማርኛ መጻሕፍት ፊደላቸው ደቃቅ ነው፤ ወረቀታቸውም ጠውልጓል። መብራት በሚመላለስበት ወር እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለትልቅ ሰው መስጠት ቅጣት ነው። ለእነሱ በአዲስ እትም የወጣውን ፈልጉ፤ ካልተገኘ ራሳችሁ አንብቡላቸው።

«የአማርኛ ልብ ወለድ ይንዛዛል» የሚል አንድ የባጃጅ ሹፌር ደንበኛ አለኝ። ዝናብ ሲጠነክር አጂፕ ጋ ቆሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። የሚወደው የስለላ ፊልም ነው። ለእሱ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» መረጥኩለት። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ደርግ ኤርትራ ላይ ከከፈተው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስመራ ይሄዳል። እዚያ ፊያሜታ የምትባል ሴት ያገኛል። ጦርነት አለ፣ ስለላ አለ፣ ፍቅር አለ። አረፍተ ነገሩ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ስለሆነ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ገጽ አንብቦ መዝጋት ይቻላል።

ስሰጠው ስለ ታሪኩ ምንም አላልኩም። ስለ ደራሲው ግን ነገርኩት። በዓሉ የተወለደው እዚሁ ጎረቤታችን ኢሉባቦር ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ራሱ በ1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን ሰምቶ መጽሐፉን ሳይከፍት የሚያድር ሰው አላየሁም። አንድ መጽሐፍ እንዴት እንደኖረ መናገር ታሪኩን አያበላሽም። መጨረሻውን መናገር ግን ያበላሻል፤ እባካችሁ ምላሳችሁን ያዙ።

በነገራችን ላይ ውጭ አገር ያደገ፣ አማርኛ ማንበብ የማይችል ዘመድ ካላችሁ «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ታትሟል። የእኅቴ ልጅ እዚያ ሆኖ ያነበዋል፣ እኔ እዚህ እንደገና አነበዋለሁ፣ ከዚያ በስልክ ስለ ፊያሜታ እንከራከራለን። ስለ ትምህርትና ስለ ጤና ብቻ ስንነጋገር የኖርን ሰዎች ነን፤ አሁን ግን የምናወራው አናጣም።

ቡና ላይ ማንበብ

ይህ ክፍል ለእኔ ትልቁ ነው፤ ስለዚህ ዘለግ ብዬ ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ፊደል አልቆጠሩም። ታሪክ ግን እንደሳቸው የሚወድ የለም። እሳቸውን ሳስብ ነው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ ቡናው ያመጣሁት። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ሰዎች ዛሬም ድምፁን ያነሳሉ። ትረካው አሁንም ስለሚገኝ አንብቦ መስጠት የከበደው ያንን ያሰማ። እኔ ግን ራስ ማንበብን እመርጣለሁ። የሚያነበው ሰው እዚያው ካለ ማስቆም ይቻላል፣ መጠየቅ ይቻላል፣ መናደድም ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቡናው ሲቆላና ሲወቀጥ አይነበብም፤ ወሬው የራሱ ቦታ አለው። አቦል ተቀድቶ ሁሉም ስኒውን ሲይዝ ይጀመራል። ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ቶና እስኪደርስ ሰዎቹ ያውሩ፤ አንባቢው ዝም ይበል። በቶናና በበረካ መካከል ሌላ አሥር ደቂቃ ይነበባል። ከዚያ ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ መጽሐፉ ይዘጋል። «እባክሽ ትንሽ ጨምሪልን» ቢሏችሁም አትጨምሩ። ነገ እንዲመጡ የሚያደርጋቸው እሱ ነው።

አነባበባችሁ ተራ ይሁን። ወጋየሁን ለመሆን የሚሞክር አንባቢ ያደክማል። ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ ትንሽ ቆም ማለት ይበቃል። የከበደ ቃል ሲመጣ አታብራሩ፤ ከተጠየቃችሁ ብቻ መልሱ። ብዙ ጊዜ መልሱን የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ ሲያስረዱ ደግሞ ደስ ይላቸዋል።

ብዙ ሰው «መጀመሪያው ቀስ ይላል፣ ዝለይው» ይለኛል። አልስማማም። መጽሐፉ የሚነሳው ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። ልጁን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት እነሱ ናቸው። ስለቱን ያልሰማ ሰው በኋላ በዛብህ በምን እንደሚሰቃይ አይገባውም። ስለዚህ አሳጥሩ እንጂ አትዝለሉ። የቦታ ገለጻውን መቀነስ ይቻላል፤ የወላጆቹን ንግግር ግን ሙሉውን አንብቡ።

ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥናት ባል እያጡ ጠያቂውን ሁሉ የሚመልሱበት ቦታ ስንደርስ እኝህ ጎረቤቴ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። «ለማን ሊያስቀምጧት ነው?» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን እኅት ታሪክ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጽሐፉን ዝጉና ስሙ። የዚያን ቀን ንባብ ቢቀር ምንም አይደል። እኔ ጉዱ ካሳ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ለነገ አሳደርኩት።

ለግጥም ዘዴው ሌላ ነው። የፀጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ለሰው አውሳለሁ፤ ግን ሙሉውን አንብብ አልልም። አንድ ግጥም መርጬ ገጹ ላይ ክር አስርና እሰጣለሁ። የስፌት ክር ለዚህ ጥሩ ነው፤ ገጽ አያጥፍም። የፀጋዬ ግጥም የራሱ ምት አለው፤ «የፀጋዬ ቤት» እየተባለ የሚጠራው። በዓይን ብቻ ሲነበብ ግማሹ ይጠፋል። ለዚህ ነው ቆማችሁ፣ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንድ ጊዜ እንድታነቡላቸው የምለው። ሁለተኛውን እነሱ ያንብቡት።

የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ዘንድሮ እንደገና ይዤዋለሁ፤ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከመዝገቡ ጋር ክረምቱን መግፋት እወዳለሁ። ለሁሉም ሰው ግን አልሰጠውም። ታሪኩ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ትንሽ ነገር ላይ ቆሞ ይቆያል። በቀስታ ማንበብ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። የሚቸኩል ሰው ግን ከአጫጭር ታሪኮቹ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»ን ያስቀድም።

ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ምን ይሰማል?

ሙዚቃ ማካፈል በክረምት አንድ ችግር አለው፤ ጣሪያችን። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ለስላሳ ድምፅ ሁሉ ይዋጣል። ስለዚህ ዘፈን የምመርጠው ሰማዩን አይቼ ነው።

ዝናቡ ሲጠነክር የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ይወጣዋል። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው፤ ድምፁ ከቆርቆሮው በላይ ይሰማል። ትንሽ ሲቀዘቅዝ የኃይሉ መርጊያን አኮርዲዮን እከፍታለሁ። ይሄ ሰው አሜሪካ ቀርቶ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነድቷል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የቀዳው ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ይህን ለባጃጅ ሹፌሩ ስነግረው ዘፈኑን ሳይጨርስ አልሄደም።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ጣሪያው ጠብ ጠብ ሲል፣ ያኔ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ይገባል። እማሆይ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ኢየሩሳሌም ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በ2015 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ቃል የለውም፤ ፒያኖ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው ስታሰሙ ስም አትጥሩ፣ አታብራሩ። መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ዝም ብላችሁ አብራችሁ ስሙ። ሲያልቅ እሱ ይጠይቃል። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ ማውራት ይቻላል።

የኢትዮ ጃዙን ሙላቱ አስታጥቄን ለጅማ ልጅ ማስተዋወቅ ከሁሉም ይቀላል። «የተወለደው እዚሁ ከተማ ነው» በሉት፤ አለቀ። ሙላቱ በ1936 ጅማ ተወለደ። ወደ እንግሊዝ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ እሱ ግን ሙዚቃ ተማረ፣ ከዚያም አሜሪካ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ። እሱ የሚጫወተውን፣ ቫይብራፎን የሚባለውን መሣሪያ ለማያውቅ ደግሞ ንገሩት፦ ተደርድረው የተቀመጡ የብረት ዘንጎች ናቸው፤ በመምቻ ነው የሚመቱት። ከዚያ አንድ ሥራ ስጡት፦ ትዝታን ፈልግ። የኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን በጆሮው የሚያውቅ ሰው በጃዙ ውስጥ ሲያገኛቸው ፊቱ ይበራል። እኔ ጋ ያለች የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ሜትሬን በእጇ እንደያዘች «ይሄማ ትዝታ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ራሱ ያገኘውን አይረሳም።

ሰው «የት አገኘዋለሁ?» ሲላችሁ በደንብ ጠቁሙት። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» የሚባል የሙዚቃ አልበም ተከታታይ አለ። ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። 4ኛው ሙላቱ ነው፤ 7ኛው ማሕሙድ አሕመድ፤ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና፤ 14ኛው ጌታቸው መኩሪያ፤ 17ኛው ጥላሁን ገሠሠ፤ 21ኛው እማሆይ፤ 28ኛው ዓሊ ቢራ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡ። «ዩቲዩብ ላይ ፈልግ» ብቻ ያላችሁት ሰው ፈልጎ ሌላ ነገር ላይ ይቀራል።

ስፒከር ከሌላችሁ ስልኩን ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ አስቀምጡት፤ ድምፁ ይጎላል። ከመስኮት ራቅ ይበል። መብራት ስለሚጠፋ ጠዋት ቻርጅ አድርጉ። ዘፈኖቹንም ቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱ፤ ኔትወርክ ዝናብ አይወድም።

ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ሰው ጠይቁ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ የሚጾም ሰው ባለበት ዘፈን አልከፍትም። የዓለሙ አጋ በገና ለዚያ ጊዜ ይሆናል። ብዙ የጅማ ቤቶች ደግሞ መንዙማ አላቸው። እሱን ከእኔ በላይ የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ እኔ ሰሚ እሆናለሁ።

ይህ ወደ ሌላ ነገር ያመጣኛል። ከሰጣችሁ ተቀበሉ። መጽሐፍ የወሰደ ሰው ሁሉ የሚወደውን አንድ ዘፈን ወይም አንድ ታሪክ እንዲያመጣልኝ እጠይቃለሁ። ዓሊ ቢራን በደንብ ያሰማኝ የቡና ነጋዴ የሆነ ደንበኛዬ ነው። ሱሪው እስኪጠብ ተቀምጦ ግጥሙን ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ መስመር በመስመር ተረጎመልኝ። ዓሊ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ አፍረን ቀሎ ከሚባለው ቡድን ጋር በልጅነቱ ጀምሮ፣ እስካረፈበት እስከ 2015 ዘፍኗል። የኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። እንዲህ ያለ ስጦታ የሚመጣው ሰውየው እናንተ ጋ የሚሰጠው ነገር እንዳለው ሲሰማው ነው።

ማዋስና ከእርጥበት ማዳን

የጅማ እርጥበት ለመጽሐፍ ጠላት ነው። ግድግዳ የተጠጋ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ በነሐሴ ይሻግታል። ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል አርቁት። መጻሕፍቱን አቁሟቸው፣ አታጨናንቋቸው። ፀሐይ ብቅ ስትል በር ክፈቱና ነፋስ ይንካቸው፤ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አታስጧቸው፤ ወረቀቱ ይጠወልጋል። የረጠበ መጽሐፍ ከመጣላችሁ እሳት አታስጠጉት። በየጥቂት ገጹ ሶፍት አስገቡ፣ ሶፍቱን ቀያይሩ፣ ገለጥ አድርጋችሁ አቁሙት።

ለማውሰው መጽሐፍ ሁሉ ከረጢት እሰፋለሁ። ጨርቁ ከተሰበረ ጃንጥላ ነው፤ በክረምት የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋም። ጨርቁን ከብረቱ ፍቱ፣ እጠቡ፣ አድርቁ። ከመጽሐፉ ወርድ ሦስት ሴንቲ ሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ። አፉ ላይ ወደ ታች የሚከደን ክዳን ተዉለት። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉ፤ የጃንጥላ ጨርቅ ይተረተራል። መኪና ከሌላችሁ በእጅም ይሰፋል፤ ቀጭን መርፌ ይሁን ብቻ። ስናፕ ወይም ቁልፍ ይበቃዋል። መጽሐፉ ደረቅ መሆኑን ሳታረጋግጡ አታስገቡት፤ እርጥበቱን ይዞ ይታፈናል።

ከረጢቱ ውስጥ ግማሽ ወረቀት አስገባለሁ። ላዩ ላይ የምጽፈው ትንሽ ነው፦ የትኛው ገጽ ላይ እንደያዘኝ፣ ከየትኛው ዘፈን ጋር እንደሚሄድ። መጽሐፉ ላይ በስክሪፕቶ አይሰመርም፤ መናገር የሚፈልግ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ ከመጽሐፉ ጋር ይዞራል። ሦስተኛው አንባቢ የሁለቱን ጽሑፍ አብሮ ያነባል።

የመመለሻ ቀን በቁጥር አልጽፍም። «እስከ ቡሄ»፣ «እስከ ጾሙ ፍቺ»፣ «እስከ ትምህርት ቤት ምዝገባ» እላለሁ። ሰው ቀን ይረሳል፤ ቡሄን አይረሳም። በደብተር ላይ ስሙንና የመጽሐፉን ስም ይዣለሁ። «ጨረስክ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ያልጨረሰ ሰው ከዚያ በኋላ በበራችሁ አያልፍም። «ማን አናደደህ?» በሉት። ያነበበ ሁሉ ለዚህ መልስ አለው፤ አሥር ገጽ ያነበበም ቢሆን።

ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ስለሚዞረው ፒዲኤፍ ሰው ብዙ ይጠይቀኛል። አልልክም። በሕይወት ያለ ደራሲ የሚተዳደረው በሚሸጠው ነው። ገንዘብ ካጠራችሁ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ቅጂ ግዙና ተራ ያዙ። ከዚያ የተረፈው የእጅ ለእጅ ነገር ነው።

ጳጉሜ ላይ የዓመት በዓል ልብስ ሥራ ይጠነክርብኛል። ስለዚህ የወጡትን መጻሕፍት ሁሉ ከዚያ በፊት እሰበስባለሁ። ሲመለሱ ገጽ በገጽ እገልጣቸዋለሁ፤ የረጠበ አደርቃለሁ፣ የተፈታ ጥራዝ በክር እይዛለሁ፣ የተሞላውን ግማሽ ወረቀት በአዲስ እቀይራለሁ። «ኦሮማይ» ከባጃጅ ሹፌሩ እጅ ሲመለስ ተራው የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ልጅ ነው። ከረጢቷን ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ክዳኑ ላይ የሚገባው ቁልፍ ብቻ ቀርቶኛል።